የሥነ ሕይወት ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ?

«የእናንተ ክበብ ግን ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ዘንድሮም ከመምህራን ማረፊያ ክፍል አልጠፋም። ስፖርት ክበቡ ዋንጫ ያመጣል፤ ሚኒ ሚዲያው በሰልፍ ሰዓት ይሰማል። የእኛ ሥራ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ስለዚህ ልጻፈው።

የዓመቱ ርእሳችን የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎች ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ስለ አንቲቦዲ (ጀርምን ለይተው የሚይዙ የሰውነት ፕሮቲኖች) እና ስለ ክትባት ተራ በተራ አቀረቡ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ ወዳለበት ቁስቋም ወጣን። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በዚሁ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ማከሙን፣ የእንግሊዛዊው ሐኪም የጄነር የፈንጣጣ ክትባት የመጣው ግን ከዚያ 26 ዓመት ቆይቶ መሆኑን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፍርስራሹ መካከል ቆሞ ሲተርክ ጎብኚዎች ሳይቀሩ ከበው ሰሙት።

«ከልጆቻችን ደም ይቀዳል» የሚል ወሬም ደርሶናል። ለወላጆች በግልጽ ልናገር፤ የማንንም ተማሪ ደም አልነካንም። ያየነው ለፋሲካ የታረደ ዶሮ ደም ነው። የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ከሰው በተለየ እንደ ነጩ ኒውክለስ (የሕዋስ እምብርት) ስላለው፣ ነጩን ከቀዩ ለመለየት አበሳችንን አይተናል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በግንቦት ወር ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ላብራቶሪ ሄድን። ባለሙያዋ አንድ ማክሮፌጅ አሳየችን። ማክሮፌጅ ማለት ጀርም ውጦ የሚፈጭ የመከላከያ ሕዋስ ነው። የዚህኛው ሆድ ግን በደቃቅ ነጠብጣቦች ታጭቋል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚገባው፣ ካላዛር የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ሁሉም አይቶ ሲጨርስ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከማይክሮስኮፑ አልነሣ አለች። ቃለ ጉባኤ ከመያዝ በቀር ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም።

«ቲቸር፣ የዋጠውን ሕዋስ ነው ቤቱ ያደረገው?» አለችኝ። ከዚያ ወንድሟ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከስቶ እንደ ተመለሰ፣ ቤተሰቡ «ወባ ነው» እያለ ጊዜ እንዳባከነ፣ በመጨረሻ ታክሞ እንደ ዳነ ተናገረች። ባለሙያዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀምጣ አስረዳቻት። ማክሮፌጁ የዋጠውን እንዲገድል ቲ ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ሊያነሣሡት ይገባል፤ እነሱ ሲዳከሙ ተሕዋሱ እዚያው ይራባል። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃውም እነዚህኑ ስለሆነ ሁለቱ በሽታዎች የተገናኙበት ሰው ሕክምናው ይከብዳል። ጣፊያ የሚያብጠውስ? ማክሮፌጅ የሚበዛበት ቦታ ስለሆነ ነው።

«እሺ፣ ወንድሜን ያዳነው መድኃኒቱ ነው ወይስ የራሱ ሕዋሳት?»

«ሁለቱም፤ አንዱ ያለ ሌላው ይቸገራል» አለቻት። ሹፌራችን ከውጭ ክላክስ ያስጮሃል፤ ማን ሰምቶት! በማስተማር ዘመኔ ከተማሪ የሰማሁት ምርጡ ጥያቄ ይህ ነው፤ ከመጽሐፍ አልተቀዳም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ በሚኒ ሚዲያው ወጥታ ወደ ቆላ ለሥራ ሄዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆዱም ካበጠ ቶሎ ይመርመር ብላ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ተናገረች።

ያልሆነልንም አለ። ትምህርት በተቋረጠባቸው ሳምንታት የጥያቄና መልስ ውድድሩ ቀርቷል። ያለን አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ስለሚቀበል መብራት ሲጠፋም መስኮት ዳር ይሠራል፤ ትልቁ ሌንሱ ግን ተጭሯል። ሆስፒታል ያየነውን እዚህ ለማየት ዘይት ጠብ ተደርጎበት 1,000 ጊዜ የሚያጎላ ያስፈልጋል። ጥያቄያችን በጽሑፍ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ የእንግዳ መቀበያው መጋረጃ ግን እስከዚያው ሁለቴ ተቀይሯል።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላትና የቀድሞ ተማሪዎቻችን፦ ያገለገለ ማይክሮስኮፕም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን። ሌንሱ ብቻ ደህና ይሁን። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ላብራቶሪው ክፍት ነው፤ ከመስጠታችሁ በፊት መጥታችሁ እዩን።