ስለዚያ ቀይ ካርታ

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይንዎ እንዳይደክም ፊደሉን አተልቄ ጽፌዋለሁ። ቢሆንም ረዘም ስላለ በአንድ ጊዜ ካልጨረስኩት ብለው አይታገሉ።

ባለፈው በስልክ ስናወራ ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው ጥያቄ ነበር። ልጅ ሆኜ ጭንዎ ላይ አስቀምጠው የሚያሳዩኝ፣ ሽፋኑ የተገነጠለው አትላስ ትዝ ብሎዎ «ያ ሁሉ ቀይ የት ገባ?» አሉኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይሆን ውሳኔ ነበር። መዝገብ ቤት ሲሠሩ የያዟቸውን አሮጌ ደብተሮች ሊያቃጥሏቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የቀዩን ልጨርስ።

ቀዩ የእንግሊዝ ግዛት ነበር። የዚያን ጊዜ ካርታ ሠሪዎች የእንግሊዝን ይዞታ ቀይ ወይም ሮዝ መቀባት ልማዳቸው ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምድርን የብስ ሩብ ያህል ይዛ ነበር። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ወጡ። በ1956 ስለ ስዊዝ ቦይ ብላ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ግብፅን ወጋች። አሜሪካ አኮረፈች፣ የእንግሊዝ ገንዘብ ፓውንድ ተንገዳገደ፣ እንግሊዝም ዓመቱ ሳያልቅ ጦሯን ጠቅልላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ቀዩ ከካርታው ላይ ለመጥፋት ብዙም አልፈጀበትም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መቀነሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፣ ሂሳብ ይወዱ የለ።)

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ግን ስልኩን ከዘጋን በኋላ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የት ገባ ከሚለው ይልቅ ምን ጥሎ ሄደ የሚለው ያዘኝ።

ነነዌን ከዮናስ ታሪክ ያውቋታል። የአሦር ዋና ከተማ ነበረች። በዘመናቸው አሦሮችን የሚቋቋም አልነበረም። ከተማ ከበው ይይዛሉ፣ ሕዝቡን ከሥሩ ነቅለው ሌላ አገር ያሰፍራሉ። ጭካኔያቸውንም ሳያፍሩ በቤተ መንግሥታቸው ግድግዳ ላይ አስቀርጸውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ተባብረው ነነዌን አቃጠሏት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ401፣ ዜኖፎን የሚባል ግሪካዊ ከወታደር ጓደኞቹ ጋር በዚያ ሲያልፍ ሰው የሌለበት ግዙፍ ግንብ አየ። የግንቡን ስፋትና ቁመት መዝግቧል። የከተማዋን ስም ግን አሳስቶ ጻፈው፤ ድሮ ሜዶናውያን ይኖሩባት ነበር ብሎም አለፈ። ሁለት መቶ ዓመት ብቻ፣ አባቴ! ያ ሁሉ አገር የሚንቀጠቀጥለት ከተማ በሩ ላይ ለቆመ መንገደኛ ስሙ ጠፋ።

አሁን የሚገርመውን ልንገርዎ። የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል ነነዌ ውስጥ ጽሑፍ ያሰባስብ ነበር። ያኔ የሚጻፈው በእርጥብ ጭቃ ሰሌዳ ላይ ነው። ወረቀት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አመድ ሆኖ ይቀር ነበር። ጭቃ ግን እሳት ሲያገኘው ሸክላ ይሆናል። ከተማዋን የበላው እሳት ብዙዎቹን ሰሌዳዎች ጠበሳቸውና አጠነከራቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ቆፋሪዎች ሲደርሱ 30 ሺህ ያህል ሰሌዳና ስብርባሪ አገኙ። ከኖኅ ዘመን ጋር የሚመሳሰል የጥፋት ውኃ ታሪክ ሳይቀር ከዚያ ወጥቷል። ጠላት ሊያጠፋ የለኮሰው እሳት መዝገብ ቤቱን አቆየው ማለት ነው።

የቻይናውን ቺን ሺ ኋንግን ደግሞ ይመልከቱት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን አንድ አደረገና ራሱን «የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት» አለ። ልጁ ሁለተኛው፣ የልጅ ልጁ ሦስተኛው እየተባለ እስከ አሥር ሺህኛው ትውልድ እንዲቀጥል ነበር ሐሳቡ። ሁለተኛው ሦስት ዓመት ገዛ። ከዚያ አለቀ። መንግሥቱ በድምሩ 15 ዓመት ነው የቆየው። እሱም መጻሕፍት አስቃጥሏል፣ በነገራችን ላይ። ግን የጽሕፈቱን ፊደል አንድ አድርጓል፣ ሚዛንና መስፈሪያውን አንድ አድርጓል፣ በመንገዱ ላይ እኩል እንዲሄዱ የሠረገሎቹን የጎማ ርቀት ሳይቀር ወስኗል። ዛሬ በአፍ የማይግባቡ የሰሜንና የደቡብ ቻይናውያን በጽሑፍ ሲግባቡ መሠረቱ ያ ነው። አሥር ሺህ ትውልድ የተመኘለት ዙፋን በ15 ዓመት ሲጠፋ የጸሐፊዎቹ ሥራ 2,200 ዓመት ዘለቀ።

ስለ ሮም ብዙ ሰው በ476 ወደቀች ይላል። እኔ የውድቀቷን መጀመሪያ የማየው ሳንቲሟ ላይ ነው። ንጉሡ ኔሮ በ64 በሳንቲሙ ውስጥ ያለውን የብር መጠን ትንሽ ቀነስ አደረገ። ማንም ብዙ አላለም። ተከታዮቹም ገንዘብ ሲቸግራቸው እየቀነሱ ሄዱ። 200 ዓመት ያህል ቆይቶ የብር ሳንቲም የሚባለው ውስጥ ያለው ብር ከመቶ አምስት እጅ በታች ሆነ። መዳብ ነው፣ ላዩ ብር የተቀባ። በዚያው ሰሞን፣ ከ235 እስከ 284 ባለው ጊዜ፣ ከ20 በላይ ነገሥታት ተፈራረቁ፤ አብዛኞቹን የገደሏቸው የራሳቸው ወታደሮች ናቸው። መንግሥት እንደዚህ ሲበሰብስ ውድቀቱ ቀን የለውም። በ476 አንድ የጦር አለቃ ሮሙሉስ አውግስጦስ የሚባለውን ልጅ ከዙፋኑ አወረደው። እንኳን ሊገድለው፣ ዓመታዊ ድጎማ ቆርጦለት ወደ ገጠር ሸኘው። የምዕራብ ሮም የመጨረሻው ንጉሥ እንደ እርስዎ ጡረተኛ ሆነ! ምሥራቁ የሮም ግዛት ግን በቁስጥንጥንያ ሌላ ሺህ ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረው። የ21 ዓመቱ የኦቶማን ቱርኮች ሱልጣን መሐመድ ሁለተኛ በ1453 እስኪገባባቸው ድረስ ራሳቸውን ሮማውያን ነን ይሉ ነበር። እሱም ከተማዋን ሲይዝ የሮም ቄሳር ነኝ አለ። ቄሳር እኮ የአንድ ሰው ስም ነበር። ጀርመኖች ካይዘር፣ ሩሲያውያን ዛር እያሉ እስከ 1917 እና 1918 ድረስ ተጠሩበት።

ኢብን ኻልዱን የሚባል የ14ኛው መቶ ዘመን ሊቅ፣ መንግሥት እንደ ሰው ዕድሜ አለው፣ አያት ተቸግሮ ይሠራዋል፣ የልጅ ልጅ ተመቻችቶ ያፈርሰዋል ይላል። እሱ ላያቸው የነገድ መንግሥታት ልክ ሳይሆን አይቀርም። ምሥራቅ ሮምን ግን አይገልጻትም። ሞንጎሎችን ሆን ብዬ ዘልያቸዋለሁ፤ ከጀመርኳቸው ወረቀት አይበቃኝም።

ጥለውት የሚሄዱት ሁሉ ደግ ነው እያልኩ እንዳይመስልዎ። ወደ ቀዩ ካርታ ልመለስ። በ1947 ህንድንና ፓኪስታንን የሚለየውን ድንበር እንዲያሰምር የተላከው እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ አያውቅም። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ነው። ሚሊዮኖች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፣ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ቀለሙ ለቀቀ፣ መስመሩ ግን አለ።

እና ደብተሮቹስ? «ማን ሊያነበው?» አሉኝ። ልጅ ሆኜ አንዱን ደብቄ ከፍቼ አውቃለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። የማን ፋይል እንደወጣ፣ ማን መልሶ እንዳላመጣ፣ ስንት ደርዘን እርሳስ እንደገባ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የትኛው መደርደሪያ እንደረጠበ ይላል። ጀብዱ ፈልጌ ነበርና ወዲያው ዘጋሁት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 እስክንድር የፋርሶችን ፐርሴፖሊስ አቃጠለ። በ1933 እዚያው ግንብ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የጭቃ ሰሌዳዎች ተገኙ። የዳርዮስ ድል የለበትም። የቀለብ መዝገብ ነው። ለየትኛው ሠራተኛ ስንት እህል፣ ለመንገደኛው ስንት፣ ለወለደች ሠራተኛ ምን ያህል ተጨማሪ። ወንድ ከወለደች እጥፍ ይሰጣት ነበር፤ አድልዎው ሳይቀር ተመዝግቧል። እነዚያ ሴቶች በሕይወት መኖራቸውን የምናውቀው አንድ የመዝገብ ቤት ሰው ሥራዬ ብሎ ስለጻፈው ነው። እሱም አንዳንድ ማታ «ማን ሊያነበው» ሳይል አይቀርም።

ጭቃ ላይ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ ያቃጥሉት እልዎ ነበር። ወረቀት ነው፣ አባቴ። በሚቀጥለው ወር እስክመጣ ካርቶኑ ውስጥ ያቆዩልኝ። አትላሱንም ካገኙት እላዩ ላይ ያድርጉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ