ከፍንዳታው ይልቅ መዘግየቱ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

የአሜሪካው ስፔስኤክስ ኩባንያ የሠራው ስታርሺፕ የተባለው ግዙፍ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ሳምንት ነበር። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ33 ላይ ከቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ተነሣ፣ አራት ደቂቃ ያህል በረረና አየር ላይ ተበታተነ። አዲስ የሮኬት ሙከራ በተወራ ቁጥር ያ ቪዲዮ ይመለሳል፤ እዚህ ባሕር ዳርም በየሻይ ቤቱ ክርክሩ አብሮት ይመለሳል። አንዱ ወገን «ይህን ሁሉ ገንዘብ አፈነዱት» ይላል። ሌላው «ሠራተኞቹ ሲያጨበጭቡ አላያችሁም? ተሳክቶላቸዋል» ይላል። ዜናውም በአብዛኛው «ፈነዳ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያበቃል።

በእኛ እምነት ሁለቱም ወገኖች የተሳሳተ ቦታ እያዩ ነው። በዚያ ቀን በእርግጥ ሊያስወቅሱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ተበላሽተዋል። አንደኛው ከሮኬቱ በታች ያለው ወለል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሮኬቱ ፈንዳ ከተባለ በኋላ ለ40 ሰከንድ ያህል አለመፈንዳቱ ነው።

መጠኑን ለመገመት ጢስ ዓባይን ማሰብ ይጠቅማል። ፏፏቴው ከአፋፉ እስከ ሥሩ 45 ሜትር ገደማ ነው፤ ሮኬቱ ሲቆም 120 ሜትር ይደርሳል። ወርዱ 9 ሜትር ነው። ሁለት ክፍሎች ተደራርበው የቆሙ ሲሆን ታችኛው 33 ሞተሮች አሉት። ሁለቱ ክፍሎች የሚያቃጥሉት ፈሳሽ ሚቴንና ፈሳሽ ኦክስጅን ሲደመር 4,600 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ 40 ቶን በሚጭን ተሳቢ ቢጓጓዝ ከ110 በላይ መኪና ይሞላል። ሰው አልተሳፈረበትም፣ ሳተላይትም አልጫነም። ስለዚህ «ስንት ሰው አለቀ?» ብለው ለሚጠይቁ መልሱ አንድም ሰው አልሞተም ነው። ዕቅዱ ላይኛው ክፍል ምድርን ሊዞር ጥቂት ሲቀረው ሃዋይ አቅራቢያ ውቅያኖስ ላይ እንዲወድቅ ነበር። የደረሰበት ከፍታ ግን 39 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ያን ከፍታ ጣና ላይ ብናጋድመው የሐይቁን ርዝመት ግማሽ አይሞላም።

አሁን ወደ ወለሉ እንምጣ።

ከሮኬት ሞተር የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ይፈልጋል። በፍሎሪዳ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ያለው የ39ኤ ማስወንጨፊያ ከጨረቃ ጉዞ ዘመን ጀምሮ ከሥሩ ሰፊ የእሳት ቦይ አለው፤ እሳቱ ተዳፋት ላይ አርፎ ወደ ጎን ይወጣል። ስፔስ ሹትል የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ከዚያ ይነሣ በነበረበት ጊዜ በዚያ ላይ በ41 ሰከንድ ውስጥ 1.1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይለቀቅ ነበር። ውሃው በዋናነት የሚያስፈልገው የድምፁን ጉልበት ለመስበር ነው፤ ድምፁ ብቻውን ሮኬቱን ሊጎዳ ይችላል። የሹትል የመግፋት ኃይል ደግሞ ከስታርሺፕ ግማሽ አይሞላም።

ስታርሺፕ በተነሣባት የቴክሳሷ ቦካ ቺካ ላይ ግን ቦይ አልተቆፈረም፤ ከሥር ውሃ የሚረጭ ብረትም አልተነጠፈም። ቦታው ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ የማይል አሸዋማ መሬት ነው። ጣና ዳር መሠረት ያወጣ ግንበኛ ችግሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ጥቂት እንደተቆፈረ ውሃ ይመጣል። ስለዚህ ሮኬቱን በስድስት እግሮች ላይ በቆመ ቀለበት ከፍ አድርገው አስቀመጡት፤ ከሥሩ ያለውን መሬት ሙቀት በሚችል አርማታ ሸፈኑት። የኩባንያው መሥራችና ኃላፊ ኢሎን መስክ የእሳት ማዞሪያ አለመሥራታቸው ስህተት ሊሆን እንደሚችል ራሱ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ጽፎ ነበር። ከበረራው በፊት፣ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ሮኬቱ እንደታሰረ 31 ሞተሮች በግማሽ ኃይል ገደማ ለጥቂት ሰከንድ ተቀጣጥለው ነበር። ወለሉ ያን ቻለ። ከዚያ ተነሥተው አንድ በረራ ይችላል ብለው ገመቱ። በውሃ የሚቀዘቅዝ የብረት ንጣፍ መሥራት ጀምረው ነበር፤ ግን ሳይደርስላቸው ሮኬቱን ለቀቁት።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በግማሽ ኃይል የታየው ላዩ ሲሸረሸር ነው፤ የሚፈራው ግን መሸርሸሩ አልነበረም። አርማታ ቢጫኑት ይችላል፤ ቢያጎብጡት ይሰነጠቃል። የጋዙ ግፊት ከላይ ሲበረታ ከሥር ያለው አሸዋ ይታመቃል፤ አሸዋው ዝቅ ሲል ወለሉ ድጋፍ አጥቶ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ከሥሩ በኩል ይላቀቃል። አንድ ጊዜ ስንጥቅ ከተገኘ ጋዙ በዚያ ሾልኮ ይገባና አርማታውን እንደ ድስት ክዳን ከሥር ያነሣዋል። ከዚያ ወዲያ የሚቆም ነገር የለም። ሮኬቱ ደግሞ ቶሎ አልተነሣም፤ ሞተሮቹ ከተቀጣጠሉ በኋላ ለተወሰኑ ሰከንዶች እዚያው ላይ ሆኖ ወለሉን ሲቆፍር ነበር። ሲነሣ ከሥሩ ጉድጓድ ቀርቶ የመሠረቱ ፌሮ አግጦ ታየ። የኮንክሪት ቁርጥራጭ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ተወርውሮ ባሕር ገባ፤ ለካሜራ የቆመ፣ ሰው የሌለበት መኪና ተመታ። ፍርስራሹ 156 ሄክታር ገደማ በሆነ መሬት ላይ ተበተነ፤ 1.4 ሄክታር ገደማ የመናፈሻ መሬት ተቃጠለ። አሸዋና አቧራው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው የፖርት ኢዛቤል ከተማ ድረስ ዘነበ።

ብዙ ሰው ሮኬቱን የገደለው ያ የተፈናጠረ ኮንክሪት ነው ይላል። ኩባንያው ለዚያ ማስረጃ አላገኘም። ያወጣው ምክንያት ሌላ ነው፦ በታችኛው ክፍል ጅራት ላይ ነዳጅ ሾለከ፣ እሳት ተነሣ፣ እሳቱ ሞተሮቹን ከዋናው የበረራ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን መሥመር በጠሰ፣ አብዛኞቹ ሞተሮች ትእዛዝ መቀበል አቆሙ። ሦስቱ ከመነሻው አልሠሩም ነበር፤ በበረራው ላይ ሌሎችም ጠፉ። ሁለቱ ክፍሎች ሳይለያዩ ሮኬቱ መሽከርከር ጀመረ። አዲስ ማሽን ሲሞከር ነዳጅ መሹለኩና መሥመር መቆረጡ የሚጠበቅ ነው። ሰው የማይጫነውም ለዚሁ ሲባል ነው።

የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ሮኬት ከተፈቀደለት መሥመር ከወጣ ራሱን እንዲያጠፋ ታንከሮቹን የሚቀድ ፈንጂ ተሸክሞ ይነሣል። ዓላማው ነዳጁ አየር ላይ እንዲያልቅና የሚወድቀው ስብርባሪ ብቻ እንዲሆን ነው። በዚያ ቀን ትእዛዙ ተሰጠ፣ ፈንጂው ፈነዳ፣ ታንከሮቹ ተቀደዱ። ከማይዝግ ብረት የተበየደው አካል ግን ለ40 ሰከንድ ያህል ሳይበታተን እየተንከባለለ ቆየ። በሰዓት 2,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር በ40 ሰከንድ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ካለው መንገድ ሁለት ሦስተኛው ያህል ማለት ነው። ከሥሩ የነበረው ባሕር በመሆኑ ሰው አልተጎዳም። እንግዲህ ሕዝቡ «ፈነዳ!» ብሎ የሳቀበት ቅጽበት ሰውን ለመጠበቅ የተሠራው መሣሪያ ዘግይቶ ሥራውን የጨረሰበት ነው። ልንጮህ የሚገባን ከዚያ በፊት በነበሩት ሰከንዶች ነበር፤ ያኔ ግን ሁሉም ሮኬቱ ሲገለባበጥ በመገረም ይመለከት ነበር።

ጭብጨባውን በተመለከተ፦ መስክ አስቀድሞ መድረኩን ሳያወድም ከተነሣ ይበቃኛል ብሎ ነበር። ሠራተኞቹ ለዓመታት የለፉበት ነገር ሲነሣ ቢደሰቱ አንፈርድባቸውም። ነገር ግን በዚያው መለኪያ እንኳ መድረኩ ክፉኛ ተጎድቷል፤ የፖርት ኢዛቤል ሰው ደግሞ ከጣሪያውና ከመኪናው ላይ አሸዋ ሲጠርግ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች በሁለት ሳምንት ውስጥ ለበረራው ፈቃድ የሰጠውን የአሜሪካን ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ፍርድ ቤት አቆሙት። አስተዳደሩ ምርመራውን ሲዘጋ 63 ማስተካከያዎች ዘርዝሯል። ጭብጨባው በሁሉም ቴሌቪዥን ታይቷል፤ 63ቱ ማስተካከያዎች ግን ወደ አማርኛ ዜና ሲገቡ አላየንም።

«የመጀመሪያ ሮኬት ሁሉ ይወድቃል» የሚለው ማጽናኛም ልክ አይደለም። አሜሪካውያንን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 ጥቅምት 29 ቀን 1960 ዓ.ም. በመጀመሪያ በረራው ተሳክቶለታል። የሶቪየቱ የጨረቃ ሮኬት ኤን1 በታችኛው ክፍል 30 ሞተሮች ይዞ አራት ጊዜ ተነሥቶ አራቱንም ወድቋል፤ ሁለተኛው ሰኔ 26 ቀን 1961 ዓ.ም. በራሱ መድረክ ላይ ወድቆ አወደመው። አንዱ ምክንያት ታችኛው ክፍል በሙሉ ታስሮ፣ መሬት ላይ ተቀጣጥሎ አለመፈተኑ ነው። የአውሮፓው አሪያን 5 በ1988 ዓ.ም. ከተነሣ ከ37 ሰከንድ በኋላ የጠፋው ኮምፒውተሩ ከመያዣው የበለጠ ቁጥር ስለተሰጠው ነው፤ አራት እውነተኛ ሳተላይቶችም አብረውት ጠፉ። መጠየቅ ያለበት ምን ወደቀ፣ ለምን ወደቀ፣ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር ወይ የሚለው ነው። የስታርሺፕ የነዳጅ መሹለክ አስቀድሞ አልታወቀም ቢባል እንቀበላለን። የወለሉን ግን አንቀበልም፤ የእሳት ቦይ ለምን እንደሚቆፈር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው።

የተማሩትንም መካድ አይገባም። ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ 33ቱም ሞተሮች ተቀጣጠሉ፤ ከሥሩ የተነጠፈው ውሃ የሚረጭ ብረት ወለሉን ጠበቀው። ሞተሮቹን የሚያዞረው በዘይት ግፊት የሚሠራ ክፍል በኤሌክትሪክ ተተካ፤ ራስን የማጥፊያው ሥርዓትም ተሻሽሎ እንደገና ተፈተነ። ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በአምስተኛው በረራ ታችኛው ክፍል ተመልሶ በማስወንጨፊያው ማማ ክንዶች ተያዘ።

ይህ ጉዳይ ለጣና ዳር ሰው ሩቅ ነው የሚል ካለ፣ ጣና ላይ የእምቦጭ አረም ምን ያህል እንደተስፋፋ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ የሳተላይት ምስል ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይትም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወነጨፈችው በቻይና ሮኬት ነው። ሳተላይቶቻችንን የምንጭነው በሌሎች ሮኬቶች እስከሆነ ድረስ የሮኬት ዜና በትክክል መነበብ አለበት።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የሚቀጥለው ትልቅ ሮኬት ሲሞከር «ፈነዳ» ወይም «ተሳካ» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጻፉልን፦ ከስንት ሞተር ስንቱ ሠራ፤ መድረኩ ምን ሆነ፤ ራስህን አጥፋ የሚለው ትእዛዝ በስንተኛው ሰከንድ ተሰጥቶ በስንተኛው ተፈጸመ፤ ፍርስራሹ የት ወደቀ፣ በዚያ ስፍራስ ማን ይኖራል። ቁጥሮቹ የሚወጡት ከቀናት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዜናው ቢያረጅም በሁለተኛ ዘገባ ብትመለሱበት እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የፊዚክስና የመካኒካል ምህንድስና መምህራን
ባሕር ዳር