ካበበ በኋላ የሚጣለው አማሪሊስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በቤት ውስጥ ያለ ወቅቱ እንዲያብብ የተደረገ አማሪሊስ የተባለ የአበባ ተክል፣ አበባው እንደረገፈ ከነሥሩ ሲጣል ማየት እጅግ ያሳዝነኛል። እንደ ሽንኩርት የተደራረበው ሥር በማበቡ ቢዳከምም አልሞተም፤ የአበባው አገዳ ብቻ ተቆርጦ ቅጠሎቹ ሳይነኩ ብርሃንና ውኃ ካገኙ፣ ለቀጣዩ አበባ የሚሆነውን ስንቅ መልሶ ያከማቻል። ባሕር ዳር ውርጭ ስለማያሰጋት ተክሉን ወደ ደጅ ማውጣት አያስፈራም፤ የሚያስፈራው፣ በተለይም በጣና ዳር ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች፣ ሥሩን የሚያበሰብሰው የክረምት ውኃ ነው። ስለዚህ ውኃ የሚቋጥረውን ጥቁር አፈር ትቶ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ የሥሩ አንገት ከአፈር በላይ እንዲታይ አድርጎ መትከል ይገባል። ቱሊፕ የተባለው ሌላው የአበባ ተክል ግን ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ስለሚሻ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ከተማችን ዳግም ያብባል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። የመናፈሻ አስተዳዳሪዎች የአማሪሊሱን ሥር ከነዋሪው ተቀብለው እንዲተክሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከባሕር ዳር ነዋሪ