ከስልቱ በፊት ሹቱን ምረጥ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ጠፍቼ መክረሜ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ዲቪዥን ሁለት (የሁለተኛ ደረጃ ሊግ) ኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በዋና አሰልጣኝነት ተረከበ ሲሉኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። እንኳን ደስ ያለህ! በማጥቃቱ ስልት ላይ ገና እንዳልቆረጥክም ነግረውኛል። ፕሪንስተን ነው፣ ፍሌክስ ነው፣ ወይስ ኳስ እየነዱ መግባት ይሻላል እያልክ ታመነታለህ አሉ። ስለዚህ የቀረውን ወሬ ለሌላ ጊዜ አቆይቼ በዚሁ ጉዳይ የማምንበትን ልጻፍልህ።

ከስልቱ በፊት ሹቱን ምረጥ። ኳሱ መጨረሻ ላይ ማን እጅ፣ የቱ ቦታ ላይ እንዲደርስ እንደምትፈልግ ከቆረጥክ የስልቱ ምርጫ ይቀልልሃል። የወደድከውን ስልት አስቀድመህ ካመጣህ ግን፣ ስልቱ በደንብ ሠርቶ የከፈተው ሹት ሶስት ነጥብ በማያገባው ልጅህ እጅ ላይ ይወድቃል። ተጋጣሚዎችህም ቪዲዮ አይተው ይህን ይደርሱበታል፤ እሱን ትተው ሌሎቹን ይከባሉ።

ወረቀት አውጣና የሚሰለፉልህን ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጆች ስም ጻፍ። በየስሙ ትይዩ ከየት እንደሚያገባ አስፍር። ብቻውን ቆሞ የሚወረውረውን አትቁጠርለት። ሮጦ መጥቶ ሲቀበል፣ ተከላካይ እጁን ዘርግቶ እየደረሰበት ሲወረውር ቁጠርለት፤ በሳምንት ውስጥ ከእያንዳንዱ ልጅ መቶ ያህል እንዲህ ያለ ሹት ብትመዘግብ በቂ ምስል ታገኛለህ። ከዚያ ሂሳቡን ሥራ። ከሶስት ነጥብ መስመር ውጭ 35 በመቶ የሚያገባ ልጅ በአንድ ሹት 1.05 ነጥብ ያመጣልሃል። ከመሃል ርቀት 40 በመቶ የሚያገባው 0.80 ብቻ ነው። ከቅርጫቱ ስር 60 በመቶ የሚያገባው 1.20 ይሰጥሃል። ስልትህ በብዛት የሚከፍተው የትኛውን እንደሆነ ከዚህ ወረቀት ጋር አስተያይ።

ያለፈውን ዓመት ቡድን መዝገብም ከፍተህ ተራዎችን ቁጠር። ተራ የምለው ቡድኑ ኳስ ከያዘበት አንስቶ ለተጋጣሚ እስኪያስረክብ ያለውን ነው። በኮሌጅ ጨዋታ የተለመደው ስሌት ይህ ነው፤ ከጠቅላላ ሹት የማጥቃት ሪባውንድን (ስተው መልሰው የያዙትን ኳስ) ቀንስ፣ የተበላሹ ኳሶችን (ሳይወረወሩ ለተጋጣሚ የገቡትን) ደምር፣ የፍሪ ትሮውን (በፋውል የሚሰጠውን ነጻ ሹት) ቁጥር በ0.475 አባዝተህ ጨምር። 58 ሹት፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 13 የተበላሸ ኳስ፣ 18 ፍሪ ትሮው ካለህ 70 ተራ ገደማ ይመጣል። 13ቱ ለ70 ሲካፈል ወደ 19 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ተቀባብሎ ሹት የሚፈልግ ስልት ለዚህ ቡድን አደጋ ነው፤ እያንዳንዱ ቅብብል ሌላ የመበላሸት ዕድል ነውና።

ከቴሌቪዥን የኤንቢኤ ጨዋታ እያዩ ስልት መቅዳት ብዙ የኮሌጅ አሰልጣኞችን ያሳስታል። ኤንቢኤ ውስጥ ሰው ያልያዘ ተከላካይ ከቅርጫቱ ፊት ባለው ቀለም ውስጥ ከሶስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። በኮሌጅ ይህ ሕግ የለም። የተጋጣሚህ ረጅሙ ልጅ ሰውየውን ትቶ ሙሉውን ተራ ከቅርጫቱ ስር ቢቆም የሚከለክለው የለም። ስለዚህ ሴንተርህ፣ ማለትም ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅሙ ልጅህ፣ ከውጭ የማያገባ ከሆነ፣ እሱን የሚይዘው ተከላካይ ለመሃሉ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፤ ኳስ ነድቶ የሚገባው ጋርድህም (ከውጭ የሚጫወተው ኳስ ያዥህ) ከዚያ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ምርጫው የሚወሰነው በሴንተርህ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሴንተርህ ከፍሪ ትሮው መስመር ጫፍ፣ ኤልቦ ከሚሉት ቦታ፣ ኳስ ይዞ አይቶ የሚያቀብል ከሆነ ፕሪንስተንን አስብ። ፒት ካሪል የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲን ቡድን ከ1967 እስከ 1996 (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ሲያሠለጥን ያሳደገው ስልት ነው። በ1996 የወቅቱን የኮሌጆች ሻምፒዮን ዩሲኤልኤን 43 ለ 41 ያሸነፉባትን የመጨረሻዋን ቅርጫት ፈልገህ አሳያቸው። ሴንተሩ ስቲቭ ጉድሪች ኳሱን ይዞ ከላይ ይጠብቃል። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከጎን በኩል ሊቀበለው የሚመጣ ይመስላል፤ ተከላካዩም ቅብብሉን ሊቀማ ወደ ፊት ይወጣል። ልጁ በውጭው እግሩ መሬቱን ረግጦ ከተከላካዩ ጀርባ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፤ ኳሱ መሬት ነጥሮ እጁ ይገባል፤ ሌይአፕ። ባክዶር የሚሉት ይህ ነው። ልጆችህ የሚሳሳቱት ሰዓቱ ላይ ነው። ተከላካዩ ሳይወጣ ቀድመው ይሮጣሉ፣ ወይም እየተጠማዘዙ በቀስታ ይሄዳሉ። የተከላካዩ እጅና እግር በኳሱና በሯጩ መካከል ሲገባ ነው መሄድ ያለባቸው። ያኔ አንድ እርምጃ ወደ ኳሱ፣ መርገጥ፣ ከዚያ በሙሉ ኃይል ወደ ቅርጫቱ። ሴንተርህ ይህን በጊዜው የማያቀብል ከሆነ ግን ፕሪንስተንን ተወው፤ ያለ አቀባይ ሴንተር ዙሪያውን መዞር ብቻ ይሆንብሃል።

ሴንተርህ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ የሚያገባ ከሆነ አራቱን ከውጭ፣ እሱን ከውስጥ አድርግ። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይኖርህ ኳስ ወደ ፖስት (ከቅርጫቱ አጠገብ ወዳለው ቦታ) መወርወር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የሚይዘውን ሰው አልፎ የሚገባ ሁለት ጋርድ ካለህ ደግሞ ድሪብል ድራይቭ (ኳስ እየነዱ መግባት) አለ። ቫንስ ዋልበርግ ፍሬስኖ ሲቲ ኮሌጅ የጀመረው፣ ጆን ካሊፓሪ ሜምፊስ ላይ ያስታወቀው ነው። ልብ በልልኝ፣ አንድ ጋርድ አይበቃም፤ የመጀመሪያው ሲገባ አጋዥ ተከላካይ ይመጣል፣ ኳሱ ይወጣል፣ የተቀበለው ልጅም ወዲያው መንዳት መቻል አለበት። ሌላው ጣጣው ፍሪ ትሮው ነው። ይህ ስልት ልጆችህን ወደ ፍሪ ትሮው መስመር ደጋግሞ ይወስዳቸዋል፤ ሜምፊስ በ2008 የፍጻሜ ጨዋታ በካንሳስ የተሸነፈው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፍሪ ትሮው ስቶ ነው። ልጆችህ ከ65 በመቶ በታች የሚያገቡ ከሆነ ይህን ከመምረጥህ በፊት ደግመህ አስብ።

ፍሌክስ የሚስማማው አምስቱም ልጆች በቁመት ተቀራራቢ ሲሆኑ ነው፤ ሁሉም ስክሪን ይሠራል (ቆሞ የጓደኛውን ተከላካይ መንገድ ይዘጋል)፣ ሁሉም ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። ሜሪላንድ በ2002 ሻምፒዮን ሲሆን ጋሪ ዊሊያምስ ይህን ነበር የሚያጫውተው። ጉድለቱ መንገዱ የታወቀ መሆኑ ነው። ስክሪን ሲመጣ ሰው የሚቀያየር መከላከል ከገጠመህ ቶሎ ይቆማል።

በእጅህ ያለው ሴንተር ግን ከነዚህ የትኛውም ላይሆን ይችላል። ስክሪን በደንብ የሚሠራ፣ የሚዘል፣ ኳስ ይዞ ግን ብዙ የማይሠራ ልጅ በዚህ ደረጃ የተለመደ ነው። ለእንዲህ ያለው ቡድን እኔ የምመርጠው ተከታታይ የቦል ስክሪን (ኳስ ለያዘው ልጅ ስክሪን የሚሠራበት) ስልት ነው። ቨርጂኒያ በ2018 በኮሌጆች ውድድር መጀመሪያው ዙር ዩኤምቢሲ በተባለ ኮሌጅ 74 ለ 54 ተሸንፎ በማግስቱ ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን ከቀድሞው ስልቱ ጋር ያቀላቀለው ይህንኑ ነው።

አሠራሩን ልግለጽልህ። ሶስት ጋርድና ሁለት ረጃጅም አሰልፍ። አንደኛው ጋርድ ኳሱን ይዞ በቀኝ ክንፍ ይቁም፣ ሁለተኛው በግራ ክንፍ፣ ሶስተኛው በቀኝ ኮርነር (የሜዳው ጥግ)። የቀኙ ረጅም ለኳስ ያዡ ስክሪን ይሠራለታል፤ ጋርዱ ወደ መሃል ይነዳል፣ ረጅሙ ወደ ቅርጫቱ ይወርዳል። ሹትም ሌይአፕም ካልተገኘ ኳሱ ወደ ግራ ክንፍ ይሄዳል፤ የግራው ረጅም ወጥቶ ለዚያኛው ጋርድ ስክሪን ይሠራል። ይህ ሲሆን ከቀኝ ኮርነር ያለው ጋርድ ወደ ክንፍ ይወጣል፣ ቀድሞ የነዳው ባዶውን ኮርነር ይሞላል። የግራው ጋርድ ወደ መሃል ነድቶ ካላገኘ ኳሱ ወደ ቀኝ ክንፍ ይመለሳል፤ ወርዶ የነበረው ረጅም ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

የሚበላሸው ትናንሹ ነገር ላይ ነው። ስክሪን የሚሠራው ልጅ ሁለት እግሩን ከትከሻው ሰፋ አድርጎ ሳይቆም ጋርዱ ይነሳል፤ ያኔ ስክሪኑ እየተንቀሳቀሰ ነውና ፋውል ይጠራበታል። ጋርዱ ሲያልፍ ትከሻው የረጅሙን ዳሌ መታከክ አለበት፤ በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ካለ ተከላካዩ በዚያው ሾልኮ ይደርስበታል። ረጅሙ ሲወርድ ለኳሱ ጀርባውን ይሰጣል፤ ደረቱ ወደ ኳሱ ዞሮ እጁ ከፍ ብሎ መውረድ አለበት። ከሁሉም የከፋው ኮርነር ላይ የቆመው ልጅ ነው። ኳስ ስለናፈቀው ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚያች ሁለት እርምጃ የእሱ ተከላካይ ሰውየውንም እየጠበቀ የሚወርደውን ረጅም መድረስ ይችላል። እግሩ ከሶስት ነጥብ መስመሩ ውጭ እንዲሆን መሬቱ ላይ ቴፕ ለጥፍለት። በሁለት ልጆች መካከል ከ4.5 እስከ 5.5 ሜትር እንዲኖር አድርግ፤ መስመሩ ከቅርጫቱ 6.75 ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ቦታው ይበቃል።

የሾት ክሎኩን (ሹት ለመወርወር የሚሰጠውን ሰዓት) ነገር አትርሳ። ዲን ስሚዝ በኖርዝ ካሮላይና ኳስ ይዞ ደቂቃ ሲያስቆጥር የነበረበት ዘመን አልፏል። በ1985-86 45 ሰከንድ ገባ፣ በ1993-94 35 ሆነ፣ ከ2015-16 ጀምሮ 30 ነው። ኳሱን መሃል መስመር ለማሻገር ሰባት ስምንት ሰከንድ ከወሰድክ 22 ገደማ ይቀርሃል። አንድ የቦል ስክሪን ዙር ከአምስት እስከ ስድስት ሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሶስት ዙር ነው ያለህ። ሰዓቱ ሰባት ላይ ሲደርስ ኳሱ ማን እጅ እንደሚሆን ዛሬውኑ ወስን፤ ለዚያ ልጅ መሃሉን ባዶ አድርገህ አንድ ቀላል ስክሪን ስጠው።

ለዞንም (ሰው ሳይሆን ቦታ ለሚጠብቅ መከላከል) የተለየ መልስ ያስፈልግሃል፤ የቦል ስክሪኑ በዞን ላይ ብዙም አይሠራም። ለ2-3 ዞን (ሁለት ከፊት፣ ሶስት ከኋላ) አንድ ሰው ከፍሪ ትሮው መስመር፣ አንድ ሰው ከቅርጫቱ ጎን ከቤዝላይን (ከቅርጫቱ ጀርባ ካለው መስመር) አጠገብ፣ ሶስት ከውጭ አድርግ። ደንቡ አንድ ይሁን። ኳሱ መሃሉን ሳይነካ ከውጭ ሹት የለም። መሃል ሲገባ የዞኑ ሴንተር መውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣ ከቤዝላይን ያለው ልጅ ከጀርባው ክፍት ነው። ልጆች ዞን ሲያዩ የሚወድቁበት ወጥመድ ኳሱን ከውጭ ለውጭ እያዞሩ ቆይቶ በመጨረሻ በችኮላ መወርወር ነው።

ሁሉንም ለማስተማር አትመኝ። በሳምንት የተፈቀደልህ 20 ሰዓት ነው፤ የጨዋታ ቀን ሶስት ሰዓት ይቆጠራል። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ካለህ 14 ይቀርሃል። ክብደት ማንሳትና ቪዲዮ አራቱን ይወስዳሉ፤ ከቀረው አስር ግማሹ ለመከላከል ይሂድ። ከአምስቱ ሁለቱን ለፈጣን ማጥቃት፣ ፕሬስ (ሙሉ ሜዳ ላይ የሚደረግ መከላከል) ለመስበርና ከጎን ለሚጣል ኳስ ስታውል፣ ለግማሽ ሜዳ ማጥቃት ሶስት ሰዓት ብቻ ነው ያለህ። በሶስት ሰዓት አንድ መሠረታዊ ስልት፣ አንድ የዞን መልስና አራት ያህል የተዘጋጀ ጨዋታ ይበቃል። መጀመሪያ ሁለት ለሁለት፣ ቀጥሎ ሶስት ለሶስት ከኮርነሩ ልጅ ጋር፣ ከዚያ አምስት ለአምስት አስጀምር። አምስት ለአምስት ስታደርስ ሰዓቱን 20 ላይ አድርገው፤ ከማጥቃት ሪባውንድ በኋላ የሚሰጠውም 20 ስለሆነ ይለምዱታል።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። ያን ወረቀት ስትጨርስ ቅጂውን ላክልኝ፤ በተለይ የሴንተርህን ነገር ዘርዝረህ ጻፍልኝ። ኳስ በኤልቦ ተቀብሎ ቀና ብሎ ያያል ወይስ ወዲያው ወደ መሬት ያነጥራል? የመጀመሪያው ከሆነ የጻፍኩልህን የቦል ስክሪን ነገር ትቼ ስለ ፕሪንስተን በሰፊው እመለስበታለሁ። እናትህን እንዴት ናቸው በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ