ደብተርህ እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰበብ አልደረድርልህም።

እዚህ ዳላስ ከአንድ የሞንቴሬይ ልጅ ጋር መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ እንሠራለን። ሞንቴሬይ ሰሜን ሜክሲኮ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ባለፈው ስልኩን ከፍቶ ራፕ ለቀቀና በጣቱ ካርቶኑን ይመታ ጀመር። ኮንትሮል ማቼቴ ይባላሉ፤ የከተማው ልጆች ናቸው፦ ፌርሚን አራተኛው፣ ፓቶ ማቼቴና ቶይ ሴሌክታ። በፈረንጆቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመቱን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ብቅ ሲሉ በሰፈራቸው አፍ ነው ራፕ ያደረጉት። «ኮምፕሬንደስ ሜንደስ» የሚለው ዘፈናቸው «ገባህ ሜንደስ?» እንደማለት ነው። ትርጉሙ ምንም የለው፤ ቤት መምታቱ ነው ጉዱ! አማርኛ ለራፕ አይሆንም ሲሉህ ስትከራከር የነበረው ይሄንኑ አይደል?

በ1999 ሁለተኛ አልበማቸው ወጣ፤ በ2000 ደግሞ «አሞሬስ ፔሮስ» ፊልም ላይ ተሰሙ። ስማቸው በገነነ ማግስት ፌርሚን ጌታን ተቀብሎ ከቡድኑ ወጣ አለኝ። የያዝኩት ካርቶን እጄ ላይ ቀረ። አንተን ነዋ ያሰብኩት!

«ከዚያማ ራፕ አቆመ» አልኩት። ሳቀብኝ። በ2002 «ቡሜራንግ» የሚል አልበም ለብቻው አውጥቷል። ሁለቱም ቢሆኑ በ2003 ያለ እሱ ሌላ ሠሩ። ሰውየው ዛሬ እዚያው ሞንቴሬይ ፓስተር ነው፤ በ2016ም የራፕ አልበም ይዞ መጥቷል።

ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ሰማሁት። ስፓኒሼ የመጋዘን ስፓኒሽ ነው፣ ግማሹ አልገባኝም፤ ድምፁ ግን ያው የሻከረው ነው፣ አላለሰለሰውም። እውነቱን ከፈለግህ የድሮው ይበልጥብኛል፤ የቶይ ቅንብር ሌላ ነገር ነው። ይሄን የምልህ ዛሬም አፌ እንዳልታረመ እንድታውቅ ነው።

የግጥም ደብተርህን በላስቲክ አስረህ «ውሰደው፣ ከእንግዲህ ለኔ አይሆንም» ስትለኝ፣ «ድምፅህን በቁምህ ቀበርከው» ብዬህ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። እንዲያ ያልኩህ አንድም ቀን ስትዘምር ሳልሰማ ነው።

አንዱን መዝሙርህን በስልክ ቀርፀህ ላክልኝ። መዘምራኑ ባይኖሩም ብቻህን ይሁን። ደብተርህ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ላስቲኩ ደርቆ ተበጥሶ በጫማ ክር አስሬዋለሁ።

ወንድምህ