የከረመውን የጠላ በርሜል ከመጣላችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሱቃችን የሚመጣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ከፋሲካ ወዲህ ያልተነካ በርሜል አለኝ፤ ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ገፋኝ። አዲስ ልግዛ?» የምንኖረው ዕቃ ሸጠን ነው። ቢሆንም እውነቱን እንንገራችሁ፦ አብዛኛው የከረመ ዕቃ በሥርዓቱ ከታጠበ ለድግስ ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ በረኪና ነው። ቆሻሻው ላይ እንዳለ ይደፋበትና ሽታው ሲጠፋ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። በረኪና ግን አተላ አያነሳም። ጉልበቱን ላዩ ባለው እድፍ ላይ ይጨርሳል፤ ከሥሩ ያለው ተሕዋስ ምንም አይሆንም። ቀጥሎ የሚጠነሰሰው ጠላ የሚኮመጥጠውም በዚሁ ነው። መጀመሪያ ይታጠብ፣ በረኪናው ኋላ ይምጣ።

በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙሩና ውስጡን እዩት። ጠላው በቆመበት ልክ ዙሪያውን የከበበ ቡናማ ቅርፊት ታገኛላችሁ። እሱን በሽቦ አትፈግፍጉት። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በለስላሳ ስፖንጅ ይለቃል። ሽቦ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ ጭረቱ ውስጥ የገባ ቆሻሻ ደግሞ ከዚያ በኋላ በምንም አይወጣም።

ቧንቧውን ፈቱት። ይህን አደራ እንላለን፤ የሚረሳው እሱ ነው። ከጎማዋ ሥር ግራጫ ዝልግልግ ነገር ታገኛላችሁ፤ በርሜሉ ፏ ብሎ ታጥቦ ጠላው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። የብረት ቧንቧ ከሆነ ቀቅሉት። ከተማችን አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና ገንፈል ሲል አታውጡት፣ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት። ጀሪካን ላይ ግን የፈላ ውሃ አትድፉ፤ ይጎብጣል። ብርሌም ይሰነጠቃል።

ዕቃው ታጥቦ በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ በረኪናው ተራው ነው። 5 በመቶ የሆነና ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ይሁን። ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቁት። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሎሚ ጋር በፍጹም አታቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ የኮንዶሚኒየም ማድቤት ውስጥ ደግሞ መውጫ የለውም። የብረት ድስትና የብረት በርሜል ላይም በረኪና አታሳድሩ፣ ይበላዋል።

ጋን ያላችሁ ሳሙናንም በረኪናንም ተዉ። ሸክላ ይመጥጣል፤ የመጠጠውን ቆይቶ ለጠላው ይመልሰዋል። እናቶቻችን በግራዋ ቅጠል የሚያሹት ያለ ምክንያት አይደለም። በሙቅ ውሃና በግራዋ ደጋግማችሁ እሹት፣ ውሃው እስኪጠራ አለቅልቁት። ክረምት ስለሆነ መድረቁ ይዘገያልና ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። አፉን መሬት ላይ አትድፉት፤ ነፋስ እንዲገባው እንጨት ላይ አጋድሙት። በወይራ የሚታጠነው ከደረቀ በኋላ ነው። ሻጋታ ያለበትን ጋን ማጠን ሽታውን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ ሻጋታውን አያነሳውም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ዕቃው ደርቆም አሁንም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ለጠላም ለጠጅም አይሆንም፤ እህል አስቀምጡበት። ውስጡ የጠቆረ የመቅጃ ቱቦም ይጣል፣ ርካሽ ነው። ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ መጠጥ አይገባበትም። ፕላስቲኩ ራሱ መጥጦታል። ምን እንደነበረበት የማይታወቅ በርሜል እኛም አንሸጥም፤ ዋጋችን ከአንዳንዱ ቦታ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

የቧንቧ ጎማ መቀየር የምትፈልጉ ቧንቧውን ራሱን ይዛችሁ ኑ፤ በልክ እንሰጣችኋለን። ስለ በርሜላችሁ የተጠራጠራችሁም ክዳኑን ገጥማችሁ አምጡልንና አብረን እናየዋለን። ለማየት ገንዘብ አንጠይቅም። የጳጉሜን ቀናት ወረፋ ስለሚበዛ ነሐሴ ሳያልቅ ብትመጡ ለእናንተም ለእኛም ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች
ተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ