ለጤና ሚኒስቴር፦ "ካመመው ይመለስ" አይበቃም

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። አምና ጉልበቴን አመመኝ ሲል ኳስ ሜዳ የተመታ መስሎን ወጌሻ ጋ ወሰድነው። ታሸ፤ አልተሻለውም። አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ ወደቀና መነሣት አቃተው። ሆስፒታል ስንደርስ ለካ ችግሩ ዳሌው ነው። የጭኑ አጥንት ራስ ከሚያድግበት መስመር ላይ ተንሸራቷል። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ እንደሚሰማ ያኔ ነው የሰማሁት። ብሎን አስገብተው አሰሩለት። ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ስንወጣ የተሰጠን ወረቀት ላይ ግን "ካመመው ይመለስ" ብቻ ነበር የተጻፈው። አላመመውም። ከ7 ወር በኋላ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ለማሰር ሲታገል አየሁት። እግሩ አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጭ ይዞርበታል። በአዲሱ ራጅ ላይ ክብ መሆን የነበረበት የአጥንቱ ራስ አንድ ጎኑ ጠፍጥፏል። ደም አጥቶ ሞቷል አሉን።

ይህ ጉዳት የሚታወቅ ነው። በተለይ መርገጥ እስኪያቅተው ድረስ የተንሸራተተበት ልጅ ላይ ይበዛል። ችግሩ ራጅ ላይ ቶሎ አይታይም፤ ወራት ይፈጃል። ኤም አር አይ (በማግኔት የሚነሳው ምስል) ቀድሞ ያሳያል፤ የብሎኑ ብረት ምስሉን ቢያበላሽም ቲታኒየም ከሆነ ረብሻው ይቀንሳል። ብሎኑም ራሱ ጫፉ ወደ መገጣጠሚያው አልፎ ሊገባ ይችላል። ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ከጎንም ሲነሳ ሊታወቅ ይችላል። ደግሞ ደህና የነበረው ሌላኛው ዳሌም ሊንሸራተት ይችላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዳሌው የተሠራለት ታዳጊ ሁሉ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ የራጅ ቀጠሮዎቹ በቀን ይጻፉለት፤ እድገቱ እስኪያበቃ ድረስ። ሁለቱም ዳሌ ከፊትም ከጎንም ይነሳ። ፊልሙ ለቤተሰብ ይሰጥ፤ ከገጠር የመጣ ሰው አጠገቡ ያለ ሆስፒታል ሄዶ ከድሮው ጋር እንዲያስተያይ። ኤም አር አይ የሌለበት ሆስፒታልም ወዴት እንደሚልክ አስቀድሞ ይወቅ።

ልጄ አሁን በክራንች ነው የሚሄደው። ቀጣዩ ራጅ ኅዳር ላይ ነው። ቀኑን እኔው ጠይቄ ነው ያስጻፍኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ታዳጊ እናት፣ አዲስ አበባ